ይህ ቤት እንዴት ነው?

በዘንድሮ አረፋ በሦስተኛው ቀን፣ ከሰንበቴ ገበያ ያስመጣሁትን ለጋ ቅቤ አናቴ ላይ ጭኜ፣ በርጩማ አውጥቼ ደጃፌ ላይ ቁጭ አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ! አላፊ አግዳሚው እያየ ይስቃል። አንዱ ባለ ባጃጅማ ጭራሽ ፍሬን ይዞ አንገቱን አሰገገና፣ «እማማ ዘሃራ፣ ለማን ነው እንዲህ ሙሽራ የሆኑት?» አለኝ። «ለአባትህ!» አልኩት። ከኋላ የተሳፈሩት ልጃገረዶች በሳቅ ፈነዱ። ይሳቁ፣ ሳቅ አይከለከልም። ፀሐዩ ከፍ ሲል ቅቤው ቀለጠና በጆሮ ግንዴ መውረድ ጀመረ። ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩት በቅቤ ንግድ ነው፤ ሽታው ብርቄ አይደለም። ግን የሚሸጡት ቅቤና የተቀቡት ቅቤ ሽታቸው ለየቅል ነው። የተቀቡትን ፀሐይ ሲነካው፣ ላብ ሲቀላቀለው፣ ጆሮሽ ላይ የሰካሻት አሪቲ ስትጠወልግ፣ የሆነ ዘመን ዘመን ይሸታል። እኔንም ከበርጩማዬ አንስቶ ጨፋ ሜዳ አደረሰኝ።

ዓመተ ምህረቱን አትጠይቁኝ። አንዱ ወታደር ሄዶ ሌላው ወታደር የመጣ ሰሞንና ከዚያ ወዲህ ያሉት ዓመታት ናቸው። ማን ሹም እንደነበረ ጠፍቶኛል፤ ኮንጎ ጫማ ስንት እንደነበረ ግን አልረሳም። ሰባት ብር ነበር፤ ምላስ ያላት በስድስት ከሃምሳ ታወጣዋለች። አረፋ ሲቃረብ ከአስፓልቱ ግራና ቀኝ ያሉት ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን በረንዳ ላይ ደርድረው ቀኑን ሙሉ ያንቀረቅቡታል። «ነገ ነይ» ይሉሻል፣ ነገም ስትሄጂ «ነገ ነይ» ነው። ጎረምሶቹ በአፋር በኩል የገባውን ባለ መስመር ሽርጥ ያገለድማሉ፣ ጎፈሬያቸው ላይ ሚዶ ይሰካሉ፣ አንገታቸው ላይ አዲስ ፎጣ ጣል ያደርጋሉ። እኛ ደግሞ ጨሌ፣ ሽፎን ሻሽ፣ እና ያቺ አውራ ጣት የምታክል የሽቶ ጠርሙስ። አንዷ ትገዛና ሰፈሩ ሙሉ ይቀባባታል። አውቶቡሶቹ ለምሳ የሚቆሙበት ጥግ ላይ አንድ ፎቶ ቤት ነበር፤ የጀርባ መጋረጃው ላይ አውሮፕላን ተስሎበታል። የከሚሴ ጎረምሳ ሁሉ በዚያ አውሮፕላን ስር ቆሞ ደረቱን ነፍቶ ተነስቷል። ዛሬ እዚያ ቦታ ሞባይል ይጠግናሉ። አንዳንዴ ሳልፍ ቆም እላለሁ፤ ልጆቹ ስልክ የማሠራ መስሏቸው «እማማ፣ ምን ሆኖ ነው?» ይሉኛል።

የእኛ ሲርባ ሜዳ ላይ አይጀመርም ነበር። ሲርባ የምንለው ዘፈኑንም ጭፈራውንም ነው። ከሰፈር ነው የሚነሳው። በአረፋ ሦስተኛ ቀን ማለዳ ወንዶቹ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ሆነን በየደጃፉ እያለፍን ወደ ጨፋ እንወርዳለን። ዘፈን አውራጁ እያንዳንዱ ደጃፍ ጋ ሲደርስ በዜማ ይጠይቃል፦ «ይህ ቤት እንዴት ነው?» እኛ መሬቱን በእግራችን እየመታን እንመልሳለን፦ «ሙሉ ነው! ሙሉ ነው!» የቤቱ ሰው ወጥቶ እልል ይላል፣ ይመርቃል፣ እናልፋለን። በዓመቱ ውስጥ ሰው የሞተበት ቤት ግን አይጠየቅም። አውራጁ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ሁላችንም ዝም ብለን እንቆማለን። እናት ወይም ሚስት ትወጣለች። ሟቹ ወንድ እንደሆነ ዱላውን፣ ሴት እንደሆነች ሻሿን ይዛ መጥታ ለአውራጁ ትሰጣለች። ያ ዱላ ሜዳ ወርዶ፣ ክቡ መሀል አንድ ጊዜ ተጨፍሮበት ወደ ቤቱ ይመለሳል። በቃ፣ ሀዘኑ ተነሳ። ሀዘን ያለበት ቤት ቅቤ አይቀባም፤ ከዚያን ቀን ወዲያ ግን ይፈቀድለታል። ሼሆቹ «ይሄ ከየት የመጣ ነው? ኪታብ ላይ የለም» እያሉ ይቆጡን ነበር። ልክ ናቸው፣ የለም። እኛ ደግሞ ከእናቶቻችን ያገኘነው ነው፣ ምን እናድርግ?

የሴቶቹን መልስ የማወጣው እኔ ነበርኩ። ጉሮሮ ነበረኝ፣ ማሻአላህ፤ ዛሬ እንዲህ እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ ሊሻክር! የወንዶቹ አውራጅ አያ ይመር ነው፤ ቀን አራሽ፣ ማታ ቀልደኛ፣ አንድ ዓይኑ ትንሽ የሚያለቅስ ሰውዬ። ከዘላዮቹ ደግሞ አንደኛው ሰይድ ነበር፣ የጎረቤቴ የእትዬ መዲና ልጅ። አንድ ልጇ ነው፤ አባቱ በልጅነቱ ሞቶበታል። ወላሂ፣ ሰይድ ሲዘል መሬት የምትናፍቀው አይመስልም ነበር። ዱላውን ወደ ላይ ወርውሮ፣ ዞሮ፣ ሳያይ ይቀልባታል። ልጃገረዶቹ ይህን ሲያዩ ጥርሳቸውን በሻሻቸው ይሸፍናሉ። አረፋ ዞሮ ዞሮ ክረምት ላይ የወደቀ ዓመት፣ ቦርከና ሞልቶ የማዶው መንደር ሰዎች መሻገር ሲያቅታቸው፣ ሰይድ ከወዲህ ማዶ ሆኖ እንዲህ ብሎ አወረደላቸው፦

ቦርከና ሲሞላ መሻገሪያው ጠፋ፣
ማን ያገናኘናል እንደ ዛሬ አረፋ?

ከወዲያ ማዶ ሆነው እየተቀበሉ፣ ወንዙን መሀል አድርገን እስከ ዓሥር ሰዓት ተጨፈረ። እትዬ መዲና ከኋላዬ ቆማ፣ «ይሄ ልጅ ጨፍሮ ነው የሚበላው» ትለኛለች። ምርር ያላት ለመምሰል ትሞክራለች፣ ግን ጥርሷ ይጋለጥባታል።

ጨፍሮ መብላት እንደማይቻል እሱም ገባው መሰለኝ። የእናቱ ማሽላ እርሻ ከሁለት ጥማድ አይበልጥም፣ ጓደኞቹ አንድ በአንድ ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ፣ ከዚያ ቆርቆሮ ቤት ይሠራሉ። በአውሮፕላኑ መጋረጃ ስር የተነሳውን ፎቶ ለእናቱ ሰጣት፤ የሄደው ግን በእግሩ ነው፣ አፋርን አቋርጦ በጅቡቲ፣ ከዚያ ባህሩን በጀልባ። የሄደ ዕለት እዚያው ነበርኩ።

«ሀርሜ፣ ዱላዬን ማንም እንዳይነካት» አላት። እናቱን በኦሮምኛ ነው የሚጠራት። «ለአረፋ መጥቼ የምይዛት እኔው ነኝ።»

«ለየትኛው አረፋ?»

«ለሚመጣው ነዋ! ምነው፣ ልቀር ነው እንዴ?»

«አፍህን ያዝ» አለችውና ግንባሩን ሳመችው። እኔ ለመንገዱ ቅቤ የገባበት የገብስ ጩኮ ቋጠርኩለት። በመንገዱ ላይ ይብላው አይብላው አላውቅም።

የሚመጣው አረፋ መጣ። ደብዳቤ የለም፣ ቃል የለም፣ ያየው ሰው የለም። የሲርባው ዋዜማ አያ ይመር ገበያ መጥቶ ቅቤ የሚገዛ መስሎ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። «ዘሃራ፣ ነገ እዚያ ደጃፍ ስደርስ ምን ላድርግ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ምን ታደርጋለህ? መርዶ መጥቷል?» አልኩት። «አልመጣም።» «እንግዲያ ጠይቅ።» በማግስቱ ደጃፏ ስንደርስ እትዬ መዲና አናቷን ቅቤ ተቀብታ፣ የሰይድን ዱላ ይዛ፣ በሩ ላይ ቆማለች። ፊቷ እንደ መስተዋት ነው፤ ቢነኩት የሚሰበር። አያ ይመር ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ይህ ቤት እንዴት ነው?» አለ። እኛ ጉሮሯችን እስኪነቃ «ሙሉ ነው!» አልን። እልል አለች። ጉንጯ ላይ የሚወርደው ቅቤ ይሁን ዕንባ አልለየሁም። አብራን ጨፋ ወረደች። ከጨፋሪዎቹ ዳር ዱላዋን እንደያዘች ቆማ ዋለች፤ ለጠየቃት ሁሉ፣ «ለልጄ ይዤለት ነው» ትላለች።

በዓመቱም እንዲሁ። በዓመቱም። ቤቷ ያለ መርዶ፣ አናቷ ያለ ሀዘን ቆየ። ጎረቤቱ ማማት ጀመረ። «ልጇን ባህር ውጦባት ቅቤ ትቀባለች፣ ሱብሃነላህ!» ይላሉ፤ ፊት ለፊቷ ግን ማንም አይደፍርም። አንድ ጊዜ ወንድሟ ከጨፋ መጥቶ፣ «እህቴ፣ በቃ ሰደቃ እናውጣለትና ይውጣልሽ» አላት። «መርዶውን ያመጣኸው አንተ ነህ?» አለችው። «አይደለሁም።» «እንግዲያ ቁጭ ብለህ ብላ።» በላ፣ ሄደ፤ ሁለተኛ አላነሳውም። ለእኔ ብቻ አንድ ቀን፣ ዱላውን ቅቤ እየቀባች (እንዳይሰነጠቅ በየዓመቱ ትቀባዋለች)፣ እንዲህ አለችኝ፦ «ዘሃራ፣ እናንተ ጠይቃችሁ ሙሉ ነው ካላችሁ፣ እኔ እስከ ዓመት ድረስ እተኛለሁ። እንቅልፌን እኮ የምትሰጡኝ እናንተ ናችሁ።»

ከዚያ አህመድ መጣ። አህመድ የሰይድ ጓደኛ ነው፤ አብረው ነው የወጡት። የመን ታስሮ፣ ሳውዲ ገብቶ፣ እንደገና ታስሮ፣ በመጨረሻ በአውሮፕላን ጭነው መለሱት። ያን የመሰለ ጎረምሳ ትከሻው ጎብጦ፣ ጥርሱ ጎድሎ መጣ። እትዬ መዲና ጫማ ሳታደርግ ሮጣ ደረሰች። «ልጄስ?» አለችው። «ባህሩ ዳር ተለያየን ሀርሜ» አላት፣ እሱም እንደ ሰይድ ሀርሜ ነው የሚላት፤ «እሱ በሌላ ጀልባ ነው የተሳፈረው።» «ደረሰ?» «የእሱን ጀልባ አላየሁም።» ለእሷ ይሄ በቂ ነበር። አላየሁም ማለት ሞቷል ማለት አይደለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አህመድ የቤቷ ልጅ ሆነ። ገንፎ ስታገነፋ ትጠራዋለች፣ ላሟ ስትወልድ እንገሩን ለእሱ ታስቀራለች። እሱም ይመጣል፤ አቀርቅሮ ይበላል፣ ፈጥኖ ይወጣል። እኛ እስር ቤቱ ነው ሰው የማየት አቅም ያሳጣው አልን።

አያ ይመር ጉሮሮው ታመመና ዘፈን ማውረድ አቃተው። ድምፅ ያለው ከአህመድ በቀር ማንም አልቀረም፤ ጎረምሳው ሁሉ ዓረብ አገር ነው። አህመድ እምቢ አለ። «እኔ አልችልም፣ ሌላ ፈልጉ፣ ማሎ!» እያለ ለመነ። ማሎ ማለት እባካችሁ ነው፤ ኦሮምኛው የሚመጣበት የጨነቀው ጊዜ ነው። ዓይን አፋርነት መሰለን፣ ሳቅንበት። አያ ይመር የራሱን ዱላ አውጥቶ እጁ ላይ አስያዘው፤ ከዚያ በኋላ እምቢ ማለት ነውር ነው። ያን ዓመት ማለዳው ካፊያ ነበረው። አህመድ ሲያወርድ ድምፁ እንዴት ያምር ነበር! የመጀመሪያውን ቤት ጠየቀ፣ መለስን። ሁለተኛውን ጠየቀ፣ መለስን። ቀስ በቀስ ከሰፈሩ መሀል ስንደርስ እግሩ ከበዳው። ወደ እትዬ መዲና ደጃፍ የሚያስገባው ጥምዝ ላይ ድምፁ ቀነሰ። በሯ ፊት ደረሰና ቆመ።

እኔ «ሙሉ ነው» ልል አፌን ከፍቼ ጠበቅሁ። አህመድ አልጠየቀም። ከኋላው ያለው ሰው ሁሉ ቆመ። የልጃገረዶቹ ጨሌ እንኳ ዝም አለ። እትዬ መዲና እንደ ልማዷ ተቀብታ በሩ ላይ ናት። መጀመሪያ አልገባትም፤ ፈገግ እንዳለች ነበር። «ደከማችሁ እንዴ?» አለች። «አህመድ፣ ልጄ፣ ጠይቅ እንጂ» አለችው። አህመድ አንገቱን ደፋ። ያኔ አላስቻለኝም፤ ብቻዬን፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «ሙሉ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ከቆርቆሮው ላይ ነጥሮ ወደ እኔው ተመለሰ። ከሴቶቹ አንዷም አልተቀበለችኝም። እትዬ መዲና ዞር ብላ አየችኝ፤ አልተቆጣችም።

«ተይው ዘሃራ» አለችኝ። «ሳይጠየቅ አይመለስም።»

ገባች። ቆየች። ስትወጣ ዱላውን በሁለት እጇ ይዛዋለች፣ ቅቤው ያብረቀርቃል። አህመድ ፊት ቆማ፣ «የት?» አለችው። «ባህሩ ላይ» አላት። «መቼ?» «ያኔውኑ፣ ስንሻገር። ዳርቻው ጋ ሳንደርስ ባለ ጀልባዎቹ ውረዱ ብለው ገፉን። እጁን ይዤው ነበር ሀርሜ፤ ከእጄ ወጣ።» ዱላውን አልሰጠችውም ገና። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ቤቴ ስትበላ፣ ይሄን ይዘህ ነው የምትበላው?» አለችው። «አፌ እምቢ አለኝ ሀርሜ። ለመናገር እመጣለሁ፣ ገንፎ ታቀርቢልኛለሽ። ዛሬም ልጠይቅ ብዬ ነበር፤ እንዲያው አፌ እምቢ አለኝ።» ሰጠችው። እንዲህ በሁለት እጇ፣ እንደ ሕፃን ልጅ።

ጨፋ ወረድን፤ ወግ ነውና ተወረደ። አህመድ ክቡ መሀል ገብቶ በሰይድ ዱላ ጨፈረ። ወደ ላይ ወረወራት፣ ዞረ፣ አልቀለባትም። ጭቃው ላይ ወደቀች። ተንበርክኮ አነሳትና ተነስቶ እንደገና ጨፈረ። እልል ያለ ሰው አልነበረም። ማታ ዱላውን ስንመልስላት እትዬ መዲና ጸጉሯን በሳሙና አጥባ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ ጠበቀችን። ወጉ ከዚያን ቀን በኋላ ቅቤ መቀባት ይፈቅድላታል፤ እሷ ግን ያን ቀን አጠበች፣ ሁለተኛ አልተቀባችም። አጠገቧ ተቀምጬ የሚባለውን ሁሉ አልኩ። «ምን ይደረግ እትዬ፣ ቁርጡን ማወቅ ይሻላል» አልኳት።

«ለማን?» አለችኝ።

ብዙም አልቆየች፤ እንቅልፍ እንደናፈቃት ሞተች። አህመድ ቀብሯ ላይ አፈር አልብሶ፣ በዚያው ወጥቶ ሄደ። አዋሽ ነው፣ መተማ ነው ይላሉ፤ አላየነውም።

ሲርባው ከዚያ ወዲህ ሰፈር ለሰፈር መዞሩን እየተወ መጣ። በአንድ ቀን የሞተ ነገር አይደለም፤ እንደ ወንዝ ቀስ ብሎ ነው የጎደለው። አንዳንዱ ሃራም ነው ብሎ ቀረ፣ አንዳንዱ ዓረብ አገር ሄደ፣ ዓረብ አገር የከረመው ደግሞ ግንብ አጥሮ የብረት በር አስገጠመ። የተዘጋ የብረት በር ፊት ቆሞ «ይህ ቤት እንዴት ነው?» ይባላል? ጠባቂው ነው የሚወጣልሽ። አሁን መድረክ ላይ ወጥቷል። አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ ልጆች፣ ድምፅ ማጉያ፣ ድንኳን ውስጥ የተቀመጡ እንግዶች። ያምራሉ፣ አልዋሽም፤ ዝላያቸው ጥሩ ነው። የጠየቅኳት አንዲት ጨፋሪ ልጅ ራሷ ላይ ያለው ቅቤ ሳይሆን ቫዝሊን ነው አለችኝ፣ ቅቤ ልብሱን ያበላሻል ተብለው። እንግዶቹም አጨብጭበው ወደ ሆቴላቸው ይሄዳሉ። ማንም በማንም ደጃፍ አያልፍም።

እኔም ልጅ አለኝ፤ ሃያት። ቤት ሠራተኛ ሆና በኮንትራት ነው የሄደችው። እሷስ በባህር አይደለም፣ በአውሮፕላን ነው፤ እውነተኛው አውሮፕላን፣ መጋረጃው ላይ ያለው አይደለም። በየጁምዓው ትደውል ነበር፤ «እማ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው? ቅቤው ተወደደ?» ትለኛለች። ከረመዳን በፊት ጀምሮ ስልኳ አይነሳም። ደላላው ጋ ሄድኩ፣ «ቤት ቀይራ ይሆናል እማማ፣ አይጨነቁ» አለኝ። አብረዋት የሄዱት ልጆች እናቶች ጋ ሄጄ ጠየቅሁ፣ እነሱም የእኔኑ ጥያቄ ጠየቁኝ። ጎረቤቶቼ ደግ ናቸው፤ ሲያገኙኝ «አካም ጅርታ፣ ዘሃራ?» ይሉኛል፣ እንዴት ነሽ ማለት ነው፤ «አልሃምዱሊላህ» እላለሁ። የሃያትን ስም ግን አያነሱም። ዱሮ እትዬ መዲና ፊት እኛም እንዲያ ነበርን።

ለዚህ ነው እንግዲህ የተቀባሁት። ባለ ባጃጁ ይሳቅ። የሃያትን ሻሽ፣ ያቺን አረንጓዴዋን፣ ጭኔ ላይ አጥፌ ከማለዳ ጀምሮ ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩ። ሞኝ አይደለሁም፣ ሲርባው እንደማይመጣ አውቃለሁ። ግን ጆሮዬ እምቢ አለኝ፤ ከጥምዙ ወዲያ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ይነሳል፣ ባጃጅ ሆኖ ያልፋል። ጠይቀውኝ ቢያልፉ እስከ ዓመት እተኛ ነበር። ቆመው ዝም ቢሉኝም፣ እሺ፣ ሻሿን በሁለት እጄ እሰጥ ነበር። ከሁለት አንዱን ለማግኘት እንኳ በደጅሽ የሚያልፍ ሰው ያስፈልጋል። ፀሐዩ ወደ ጨፋ አዘቀዘቀ፣ ቅቤው አንገቴ ላይ ደረቀ፣ መንገዱ ጭር አለ። ያኔ ሳላስበው አፌን ከፍቼ «ሙሉ ነው» ልል ነበር።

ተውኩት። ሳይጠየቅ አይመለስም።